ለደንበጫዋ ተረኛ፦ ሬቲንግሽ ለምን 1400 ላይ ቆመ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ደንበጫ ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ናት። መድኃኒት ፈላጊ ሲጠፋ ስልኳን አውጥታ ሊቼስ በሚባለው ነጻ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ የ3 ደቂቃ ቼዝ ትጫወታለች፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለጨዋታው በሙሉ 3 ደቂቃ ነው። የተጫዋቹን ጥንካሬ የሚለካው ቁጥር ሬቲንግ ይባላል። የጻፈችልኝ ይህን ነው፦

«ጋሼ፣ መጫወት ከጀመርኩ ከዓመት በላይ ሆነኝ። ሬቲንጌ ግን 1400 አካባቢ ተቸንክሮ ቀረ። አንዳንድ ቀን 1460 እደርሳለሁ፣ በማግስቱ 1370 ላይ ራሴን አገኘዋለሁ። የእኔ ስታይል ማጥቃት ነው። የድሮውን የዓለም ሻምፒዮን ታልን በጣም ነው የምወደው። ነጭ ስይዝ ደህና ነኝ። ጥቁር ሲደርሰኝ ግን ስለሚያስጠላኝ አንዳንዴ ጨዋታውን ገና ሲጀመር አቦርት አደርጋለሁ (እሰርዘዋለሁ)። ጓደኞቼ ስታይልሽን ቀይሪ ይሉኛል። ልቀይር? ወይስ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ፕሪሚየም (የሚከፈልበት አባልነት) ገዝቼ ልሞክር? ደግሞ ተጋጣሚዎቼ ኢንጂን (ቼዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ይመስለኛል።»

የጨዋታዎቿንም ሊንክ ልካለች። መልሴ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዘሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ ጎበዝ ነሽ። የተሸነፍሻቸውንም ጨምረሽ ነው የላክሽው። ብዙ ሰው ያሸነፈውን ብቻ መርጦ ይልካል። እዚህ ማርቆስ የማስተምራቸው ልጆችም ያው ናቸው፤ ስልካቸውን ሲሰጡኝ ቼክሜት ያደረጉበትን አስቀድመው ከፍተው ነው። ከሱ ምን ልንገራቸው?

ወደ ጥያቄሽ ስገባ፦ ስታይልሽን አትቀይሪ። የሚቀየር ስታይል ገና የለሽም። እንዳይከፋሽ። 1400 ላይ ያለው ይቅርና 1800 የደረሰውም «ስታይሌ እንዲህ ነው» ሲለኝ እጠራጠራለሁ። ስታይል የሚባለው ነገር የሚታየው ሁለት ጥሩ እርምጃ ፊት ለፊትሽ ሲቀርብ ነው። አንዱ ተጫዋች ንግሥቶቹን ተለዋውጦ ረጋ ያለውን ይመርጣል። ሌላው ንግሥቷን አስቀርቶ ንጉሥ ያሳድዳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንቺ የተሸነፍሽባቸው ጨዋታዎች ላይ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። አንዱ እርምጃ ጥሩ ነው፣ ሌላው ፈረስ ያስበላል፤ አንቺ ፈረስ የሚያስበላውን በ1 ሰከንድ ትጫወቻለሽ። ይሄ ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጨዋታዎችሽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወደሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ቁጥሩ ትንሽ ላውራ፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል።

ሊቼስ ግሊኮ-2 የሚባል ስሌት ነው የሚጠቀመው። ሁሉም ሰው ከ1500 ይጀምራል። ብዙ ከተጫወትሽ በኋላ ሬቲንግሽ ሲረጋ፣ ከእኩያሽ ጋር ስትጫወቺ አንድ ድል ወይም አንድ ሽንፈት 5 ወይም 6 ነጥብ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አሁን ሳንቲም ወርውሪ። 100 ጊዜ ብትወረውሪ የሆነ ቦታ ላይ 5 ጊዜ በተከታታይ ጎፈር የመውጣቱ ዕድል ከ80 በመቶ በላይ ነው። ሳንቲሙ አልደከመውም፣ አልተበሳጨም፣ ስታይሉንም አልቀየረም። እንዲሁ ይሆናል። አንቺም ከእኩዮችሽ ጋር 100 ጨዋታ ስትጫወቺ 5 ጊዜ ተከታትለሽ መሸነፍሽ የሚጠበቅ ነው። 5 ሽንፈት 30 ነጥብ ገደማ ይወስዳል። በዚያ ላይ አንድ የድካም ሌሊት ጨምሪበት። ከ1460 ወደ 1370 መውረድ ማለት ይኸው ነው። በሁለቱም ቀን ያው አንድ ተጫዋች ነሽ፤ ሰኞ ጎበዝ ማክሰኞ ደካማ አልሆንሽም።

ሌላም ነገር አለ። የሊቼስ 1400 እና የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽኑ የፊዴ 1400 አንድ አይደሉም። ፊዴ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ዝቅተኛውን ሬቲንግ 1400 አድርጎታል፤ ከዚያ በታች የሆነ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንድ ሰው «የፊዴ 1400 ነኝ» ሲልሽ ከሱ እኩል ነኝ ብለሽ አትቀመጪ። ሌላው የቼዝ ድረ ገጽ ቼስ ዶት ኮምም የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹ የሚሠሩት በየራሳቸው ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

እንዲያውም ቁጥሩ የተፈጠረው ለሌላ ዓላማ ነው። አርፓድ ኤሎ የሚባል በትውልድ ሃንጋሪያዊ የሆነ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው የፊዴን ስሌት የሠራው፤ ፊዴም እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ዓላማው ውጤትን መገመት ነው። በኤሎ ስሌት 200 ነጥብ የሚበልጥሽ ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል ይወስዳል። ገልብጠሽ እዪው፤ ከምትፈሪው ባለ 1600 ጋር ስትጫወቺም ከአራት አንዱ ያንቺ ነው ማለት ነው። ይህን የምልሽ ያለምክንያት አይደለም። ሊንኮቹ ውስጥ ተጋጣሚሽ በጣም የሚበልጥሽ ሲሆን ጨዋታው ገና በ10ኛው እርምጃ ላይ ተስፋ ቆርጠሽ እጅ የሰጠሽባቸው አሉ። አንዱ ላይ እንዲያውም የተሻለ ቦታ ላይ ነበርሽ!

አሁን ወደ ሰሌዳው። ቤቶቹ በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፤ ፊደሉ ዓምዱ፣ ቁጥሩ ረድፉ ነው።

ነጭ ስትይዢ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትጫወቺው። ወታደር ወደ ኢ4፣ ከዚያ ንግሥት ወደ ኤች5። ኤፍ7 ላይ፣ ማለት ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ባለው ወታደር ላይ፣ ቶሎ ቼክሜት ፍለጋ። የማያውቅ ሰው ሲገጥምሽ በአራት እርምጃ ታሸንፊያለሽ። «ነጭ ስይዝ ደህና ነኝ» ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው። እነዚያን አጫጭር ድሎች አውጥተን ብናይ ግን ነጭሽም ከጥቁርሽ ብዙም አይሻልም።

አንዱን የተሸነፍሽውን ላንሳ። ንግሥትሽ ኤች5 ላይ ናት። ተጋጣሚሽ ፈረሱን ወደ ሲ6 አወጣ። ጳጳስሽን ሲ4 ላይ አደረግሽ። እሱ ወታደሩን ወደ ጂ6 ገፍቶ ንግሥትሽን አባረራት። ወደ ኤፍ3 ሸሸች፤ አሁንም ኤፍ7 ላይ ቼክሜት ትጠብቃለች። እሱ ሌላኛውን ፈረሱን ወደ ኤፍ6 አውጥቶ መንገዱን ዘጋ። እስከዚህ ድረስ አልተጎዳሽም። እዚህ ላይ ፈረስሽን ወደ ኢ2 ብታወጪ ዲ4 ይጠበቅልሽ ነበር፣ ጨዋታውም ይቀጥል ነበር። አንቺ ግን በአምስተኛው እርምጃ ንግሥትሽን ወደ ቢ3 ወሰድሻት፣ ኤፍ7ን እንደገና ለመምታት። እሱ ፈረሱን ዲ4 ላይ አሳረፈ። ይህ ፈረስ ንግሥትሽን ይመታል። ሲ2 ላይም ንጉሥሽንና ግንብሽን በአንዴ ሊመታ ያደባል። አንቺ በ2 ሰከንድ ኤፍ7ን በጳጳስ በላሽ። ቼክ! ንጉሡ ወደ ኢ7 ወጣ። ንግሥትሽ ጳጳሱን እየጠበቀች ወደ ሲ4 ሄደች። እሱ ወታደሩን ወደ ቢ5 ገፋ። በቃ። ንግሥትሽ ጳጳሱን ሳትለቅ የምትቆምበት ቦታ የለም።

በነዚህ ሰባት እርምጃዎች ንግሥትሽ አራት ጊዜ ተንቀሳቅሳለች። ሁለቱም ፈረሶችሽ ከቤት አልወጡም።

ንግሥትን ኤች5 ላይ ማውጣት ራሱ ወንጀል አይደለም። ታዋቂው አሜሪካዊ ተጫዋች ሂካሩ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከህንዳዊው ግራንድማስተር ክሪሽናን ሳሲኪራን ጋር ሞክሮታል። መክፈቻው ላይ አልሞተም፤ ረጅም ጨዋታ ተጫውቶ ነው የተሸነፈው። ስለዚህ መክፈቻሽን አልከስም። ችግሩ አምስተኛው እርምጃ ላይ ነው። ተጋጣሚሽ ፈረሱን ዲ4 ላይ ሲያሳርፍ አንቺ ያየሽው ኤፍ7ን ብቻ ነበር። እሱ ምን አደረገ ብለሽ አልጠየቅሽም።

እዚህ ላይ የአባቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ የሚባለው ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ወረራ የሚባል ነገር ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠራቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ደስ የሚል ሥርዓት ነው። ቢመለስ አልጠላም። አንቺ ግን እስከ 12ኛው እርምጃ ድረስ ወረራ ላይ ያለሽ ነው የምትመስዪው። ተጋጣሚሽ ቢጫወትም ባይጫወትም የምታደርጊው ያው ነው። ጠጠር ከተበላብሽ በኋላ ነው ቀና ብለሽ የምታዪው።

ጥቁር ስትይዢ ደግሞ የሚያስቀው ነገር፣ የምትሸነፊው በዚያው በኤፍ7 ነው። እሱ ኢ4፣ አንቺ ኢ5። እሱ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ አንቺ ወደ ሲ6። እሱ ጳጳሱን ወደ ሲ4። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፈረስሽን ወደ ኤፍ6 ታወጫለሽ። ፈረሱን ወደ ጂ5 ያመጣብሻል። ዲ5 ትገፊያለሽ፣ በወታደር ይበላዋል፣ አንቺም በፈረስ ትበያለሽ። ከዚያ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሥሽን ወደ መሐል ይጎትተዋል። ነጭ ስትይዢ የምታልሚውን ጥቃት እነሱ አንቺ ላይ ያደርጉታል። ልዩነቱ እነሱ ሁለት ጠጠር አውጥተው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዲ5 ላይ በወታደር ሲበላ በፈረስ አትብዪው፤ የሲ6ን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስደሽ ጳጳሱን ምቺበት። ይህ ከከበደሽ ገና በሦስተኛው እርምጃ በኤፍ6 ፈረስ ፈንታ ጳጳስሽን ወደ ሲ5 አውጪ። ያኔ ፈረሱ ወደ ጂ5 ቢዘል ንግሥትሽ ትበላዋለች። ለአሁኑ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ። የመክፈቻ ትምህርት ከዚህ በላይ አያስፈልግሽም። እውነቴን ነው።

አቦርት ማድረጉን ደግሞ አቁሚ። ሊቼስ አቦርት የሚያበዛን ሰው ለጊዜው ከጨዋታ ያግዳል፤ እሱ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት፣ ካለሽ ችግር እየሸሸሽ ነው። ጥቁር ከጨዋታሽ ግማሹ ነው።

ታልን አነሳሽ። እኔም እወደዋለሁ፣ ማን ይጠላዋል? እ.ኤ.አ. በ1960 ቦትቪኒክን አሸንፎ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያወራው የሠዋቸውን ፈረሶች ነው። ግን ሌላም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 መካከል 95 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቷል። ከዘጠና አምስቱ 49ኙ አቻ ናቸው። አጥቂ የተባለው ሰውዬ ከግማሽ በላዩን አቻ ወጥቶ፣ አንዱንም ሳይሸነፍ! ጨዋታዎቹን ስታዪ ፈረስ ከመሠዋቱ በፊት ግንቦቹ መሐል ላይ ናቸው፣ ጳጳሶቹ ተከፍተዋል፣ ንጉሡ ካስል ተደርጎ (በአንድ እርምጃ ከግንብ ጎን ተጠልሎ) ተቀምጧል። የታል ጥቃት ሁሉም ጠጠር የተሳተፈበት ነው። ያንቺ ጥቃት ንግሥትና ጳጳስ ብቻቸውን ወጥተው ነው። የታልን ጨዋታ ማየትሽን ቀጥዪ፤ ስታዪ ግን የሠዋበትን ቅጽበት ትተሽ ከዚያ በፊት ያሉትን አሥር እርምጃዎች ተመልከቺ።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሊቼስ ከጨዋታ በኋላ በየእርምጃው ስንት ሰከንድ እንዳጠፋሽ በግራፍ ያሳያል። ያንቺን ግራፍ አንድ በአንድ ከፈትኩት። በተሸነፍሽባቸው ጨዋታዎች ሁለት ዓይነት ሥዕል አለ። የመጀመሪያው፦ ጠጠር አስበልተሽ ስትሸነፊ ሰዓትሽ ላይ ገና ሁለት ደቂቃ ገደማ አለ። ሳትጠቀሚበት ነው የሞትሽው። ሁለተኛው፦ በጠጠር በልጠሽ፣ ማሸነፍሽ ግልጽ ሆኖ፣ በሰዓት ትሸነፊያለሽ። አደገኛው ቦታ ላይ ትሮጫለሽ፣ ያለቀለት ቦታ ላይ ትጨነቂያለሽ። መገልበጥ ያለበት ይህ ነው።

ለምን ያለቀው ላይ ትዘገያለሽ? አንዱ ምክንያት በንጉሥና በግንብ ብቻ ቼክሜት ማድረግ በደንብ ስላልተለማመድሽ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ግንብ ኖሮሽ ከ30 እርምጃ በላይ ንጉሡን ስታሳድጂ ቆይተሽ ሰዓትሽ አለቀ። በትክክል ከተጫወቱት ይህ ቼክሜት ከየትኛውም ቦታ ቢጀመር ከ16 እርምጃ አይበልጥም። ሊቼስ ላይ ፕራክቲስ የሚል ክፍል አለ፣ በነጻ ነው። የንግሥትና የግንብ ቼክሜቶችን እጅሽ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ ሥሪያቸው። ከመክፈቻ ቪዲዮ መቶ እጥፍ ይጠቅምሻል።

በዚያው ጨዋታ ላይ ሌላ የማታውቂው የሚመስለኝ ነገር አለ። ተጋጣሚሽ ንጉሥና አንድ ወታደር ነበረው። ግንብሽ ያንን ወታደር በሁለት እርምጃ መብላት ይችል ነበር። አንቺ ቼክ ስታበዢ ተውሽው። ሰዓትሽ ሲያልቅ ተጋጣሚሽ ንጉሥ ብቻ ቢቀረው ኖሮ ጨዋታው አቻ ነው የሚሆነው፤ በባዶ ንጉሥ ቼክሜት ማድረግ ስለማይቻል። ወታደሩ ስላለ ብቻ ተሸነፍሽ። ስለዚህ ሰዓት ሲያጥርሽ መጀመሪያ የቀረውን ወታደር ልቀሚ፣ ከዚያ ስለ ቼክሜት አስቢ።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራሽ ነው። አንቺው እንዳልሽው ሰው ሲመጣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ትነሻለሽ። ማዘዣ አንብበሽ፣ መድኃኒት ሰጥተሽ፣ አወሳሰዱን አስረድተሽ ስትመለሺ 40 ሰከንድ ቀርቷል፣ ወይም ጨዋታው አልቋል። ኔትወርክ ሲቋረጥም ያው ነው፤ ሰዓቱ አይቆምልሽም፣ ተጋጣሚሽም ትንሽ ጠብቆ ድሉን መውሰድ ይችላል። በሥራ ላይ መነሳትሽ ትክክል ነው። ሌሊት ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት ቼዝሽ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባትም። ልክ ያልሆነው ለዚህ ዓይነት ሌሊት የመረጥሽው የጨዋታ ዓይነት ነው። 3 ደቂቃ ያለ ጭማሪ፣ ሁለቴ በሩ ለሚንኳኳበት ቦታ የተሠራ አይደለም።

ተረኛ ስትሆኚ ሁለት ነገር ብቻ ክፈቺ። አንዱ ፐዝል (የሚፈታ የቼዝ እንቆቅልሽ) ነው፤ ሰዓት የለውም፣ ጥለሽው ብትነሺ አይቆጣም። ሌላው ኮረስፖንደንስ የሚባለው ነው። ለአንድ እርምጃ 1 ቀን፣ 3 ቀን፣ ከፈለግሽም እስከ 14 ቀን ይሰጥሻል። ኔትወርክ ጠፍቶ ቢያድር ጨዋታሽ አይሞትም። ዳታም አይበላም፤ ዳታሽን የሚጨርሰው ቪዲዮው ነው እንጂ ቼዙ አይደለም። በዚህ ዓይነት ጨዋታ የመክፈቻ መጽሐፍ ማየት ይፈቀዳል፤ ኢንጂን ግን አይፈቀድም። ስለዚህ ጥቁር ይዘሽ ያንን የሲ5 ጳጳስ በእርጋታ የምትማሪበት ምርጥ ቦታ ነው። ሦስት አራት ጨዋታ ብቻ ክፈቺ። ሃያ ከከፈትሽ እንደገና ወደ ሩጫ ትገቢያለሽ።

ረፍት ስትሆኚ ደግሞ 15+10 ተጫወቺ። 15 ደቂቃ ይሰጥሻል፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ይጨምርልሻል። ሊቼስ ይህን ራፒድ ይለዋል፣ ሬቲንጉም ከብሊትዙ፣ አንቺ ከምትጫወቺው ፈጣን ቼዝ፣ የተለየ ነው። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ይኖረዋል፣ በጣምም ይዘላል። አትደንግጪ፣ ገና እየለካሽ ነው። በሳምንት ሦስት አራት እንደዚህ ያለ ጨዋታ በሌሊት ከምትጫወቻቸው ሠላሳ ብሊትዞች ይበልጣል። ብሊትዝ ካማረሽም አልከለክልሽም፤ እኔም አልተውኩትም። ግን 3+2 ወይም 5+3 አድርጊው፣ ጭማሪ ሰከንድ ይኑረው።

አሁን ሴቲንግ ውስጥ ግቢና ሁለት ነገር አስተካክዪ። ፕሪሙቭን አጥፊው። ተጋጣሚሽ ሳይጫወት አስቀድመሽ እርምጃ ማስቀመጥ ያንኑ ያለማየት ልማድ ያጠናክራል። ሁለተኛ፣ ለራፒድ እርምጃን ማረጋገጫ የሚጠይቀውን አብሪው። ጠጠሩን ካንቀሳቀስሽ በኋላ ምልክቱን እንደገና ካልነካሽ እርምጃው አይላክም። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰሌዳውን በእሱ ዓይን እዪ፦ ይህን ብጫወት ምን ይበላብኛል? ቼክ አለው? አሁን የተጫወተው እርምጃ ምን ፈልጎ ነው? ጣትሽ ተንሸራቶ ንግሥት ያስበላሽባቸው ጨዋታዎችም በዚሁ ይቀንሳሉ።

የእንቅልፉን ነገር ረዘም አድርጌ አላወራም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን የጨዋታዎቹን ሰዓት እዪ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ሽንፈት ሽንፈትን ይከተላል፣ በሁለት ጨዋታዎች መካከልም ያለው ክፍተት ሰከንዶች ነው። የጠፋውን ነጥብ ሳትመልሺ መተኛት አልቻልሽም ማለት ነው። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ተሸንፈሽ ወዲያው «አዲስ ጨዋታ» የሚለውን የምትነኪ ከሆነ ርካሽ አልሆነም። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፍሽ ለዚያ ሌሊት ብሊትዝ ይብቃ። ፐዝል ላይ ሂጂ።

ስለ ኢንጂን ተጠቃሚዎች። አሉ፣ አልዋሽሽም። የላክሽልኝ ጨዋታዎች ውስጥ ግን አንድም የሚያጠራጥር አላየሁም። ያሸነፉሽ ሰዎች እነሱም ፈረስ እያስበሉ ነው ያሸነፉሽ። ሊቼስ አጭበርባሪ ሲይዝ ያጣሽውን ነጥብ ይመልስልሻል። ከጠረጠርሽ ሪፖርት አድርጊና እርሺው። ከሽንፈት በኋላ ሁሉ «ኢንጂን ነው» የሚል ሰው የራሱን ጨዋታ ከፍቶ አያይም፤ የሚጎዳው እሱን ነው።

ፕሪሚየም አትግዢ። ሊቼስ ላይ የሚገዛ ነገር የለም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ገንዘብ የሰጠ ሰው የሚያገኘው ከስሙ ጎን ትንሽ ክንፍ ነው። የኮምፒውተር ትንተናው፣ ፐዝሉ፣ ትምህርቱ ሁሉ ለአንቺም ለግራንድማስተሩም እኩል ክፍት ነው። ቼስ ዶት ኮም ላይ ብዙ ነገር በክፍያ ነው፤ ጥሩ ነገርም አለው። ግን አሁን ያለብሽን ችግር የሚፈታ ምንም የሚሸጥ ነገር አላይም። በዚያ ብር የእንጨት ሰሌዳ ግዢ። ስልክ ላይ ከላይ ወደ ታች ስናይና ሰሌዳ ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ ዓይናችን የሚይዘው ይለያያል። ፍኖተ ሰላም ወይም ማርቆስ መጥተሽ ከሰው ጋር መጫወት ከፈለግሽም ሰሌዳውን መልመድ አለብሽ። የነካሽውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ የሆነበት ጨዋታ፣ ላንቺ ዓይነት ፈጣን እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው። ይህን ለፋርማሲስት መናገሬ ድፍረት ቢሆንም።

የመጨረሻው ስለ ግምገማ ነው። ሊቼስ ከጨዋታ በኋላ ስቶክፊሽ በሚባለው ኢንጂን ያስተነትንልሻል፣ ከባድ ስህተቶችሽንም በቀይ ያሳይሻል። ጥሩ ነው። ግን ቀዩን ከማየትሽ በፊት ራስሽ ፈልጊው። ስቶክፊሽ እርምጃው ስህተት እንደሆነ ይነግርሻል እንጂ ለምን እንደተሳሳትሽ አያውቅም። ቸኩለሽ ነው? አላየሽውም? አይተሽው ንቀሽው ነው? በር ተንኳኩቶ ነው? ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስትልኪልኝ ብሊትዝ አትላኪ። ከ15+10 የተሸነፍሽባቸውን ብቻ ላኪ። ትንተናውን ሳትከፍቺ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ጻፊበት፦ ጨዋታው የትኛው እርምጃ ላይ ተበላሸ፣ ያኔስ ሰዓትሽ ላይ ስንት ነበር። ጥቁር የያዝሽባቸው ይብዙ።